የፌስታሉ ቋጠሮ

አሮጌው ሞተሬ ዛሬም ጨፋ ላይ ቀጥ አለብኝ። ካንዴላውን ፈትቼ ስጠርግ የቤንዚኑ ሽታ አባቴን አመጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ ባቲ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ የእሱም ሞተር እንዲሁ ይጠፋ ነበር። አቧራ እንዳይገባበት ብሎ የቤንዚን ታንከሩን ክዳን በፌስታል ጠፍሮ ያስረዋል። ሲጠፋበት ካንዴላውን ይጠርጋል፣ ባትሪውን ይረግማል፤ ቤንዚኑን ለማየት ክዳኑን ሲፈታ ታንከሩ አየር አግኝቶ ሞተሩ ይነሳለታል። «ካንዴላው ነው አላልኩም?» ብሎ መልሶ ያስረዋል። ጥቂት እንደሄድን እንደገና ይጠፋል።

እናቴ መንገድ ዳር ተቀምጣ፣ «ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ የሚሳሳለትን ሁሉ አፍኖ ሊገድል ነው» አለች። በዚያ ሰሞን ገበያ ወጥታ እንዳትነግድ ከልክሏት ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሞተሩ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ካንዴላውን መልሼ አሰርኩ። ሞተሩ እንቢ አለ። ቀና ስል፣ ለዝናቡ ብዬ ክዳኑ ላይ በገዛ እጄ የቋጠርኩትን ፌስታል አየሁት።