ግማሽ ብረት የሆኑት ሰዎች

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ አንድ የመቱ ከተማ ባለሱቅ ከአዲስ አበባ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ አመጣ። እሑድ ከሰዓት በሱቁ ጓዳ ፊልም ያሳያል ሲባል ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ ትሞክራለች ተብዬ ለአስተርጓሚነት ተጠራሁ። ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ።

ታላቅ ወንድሜን አብረን ካልሄድን ብዬ ያዝኩት። ጦር ግንባር አንድ እግሩን አጥቶ የብረት እግር ከተገጠመለት ወዲህ ከቤት አይወጣም።

«ሰው ሁሉ እግሬን ነው የሚያየው» አለኝ።

«ዛሬ ሁሉም የሚያየው ቴሌቪዥኑን ነው» አልኩት። በዚህ ተረታልኝ።

ፊልሙ ተከታታይ ነበር። ክፉዎቹ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ብረት ናቸው። የያዙት ሰው ላይ ብረቱ ከእግሩ ጀምሮ እንደ ጉንዳን ሽቅብ ይወጣል፤ ደረቱን ሲያልፍ ድምፁ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የገዛ ወገኑን ያሳድዳል። ግራና ቀኝ «ማል ጄዴ?»፣ «ምን አለ?» ይሉኛል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላጠፍኩ ድምፄ እስኪዘጋ ተረጎምኩ።

አንዱ ምርኮኛ እግሩ ብረት ሲሆን ግን «ምን አለ?» ማለቱን ተዉት። ሁሉም ወንድሜን ሰረቅ እያደረገ ያየዋል። እኔም ትርጉሙ ጠፋኝ።

ከፊት የተቀመጡት አሮጊት ጎረቤታችን ዞረው፣ ከልባቸው፣ «ልጄ፣ አንተንም ብረቱ እንዲህ ያዝዝሃል እንዴ?» አሉት።

«የኔስ እትዬ፣ እንኳን ሊያዝዘኝ እኔንም አይሰማም። ቀኝ ስለው ግራ ይሄዳል።»

አሮጊቷ ሳቁ፤ «እስቲ ልየው» አሉ። ሱሪውን ሰበሰበ፤ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ጓዳው በሳቅ ተናወጠ። ባለሱቁ ፊልሙን አቁሞ ለማየት መጣ።

የዕለቱ የፊልሙ ክፍል የምርኮኛው ዕጣ ሳይለይ አለቀ። ዝናቡ እየመታን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተከራከርን፤ እኔ ምርኮኛው ሞቷል አልኩ።

«አልሞተም» አለ ወንድሜ። «ውስጡ አለ። እየሰማ ነው፤ መውጫው ጠፍቶት ነው እንጂ።»

ይህን ሲል ፈጥኖ ነበር የሚራመደው፤ ልደርስበት እሮጥ ነበር።

በሳምንቱ ከእኔ ቀድሞ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የሱቁን ጄኔሬተር የሚያስነሳውም ካሴቱን የሚያጫውተውም እሱ ሆነ፤ ኋላም ባለሱቁ ቴሌቪዥኑንና ዴኩን አስይዞ በአቅራቢያችን ወዳለችው ጎሬ ከተማ ይልከው ጀመር። እዚያ የሚጠብቀው ሕዝብ እሱን የጫነው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሲያይ በጭብጨባ ይቀበለው ነበር።