ደመራው ወዴት ይወድቃል?

ብርነሽ በምትኖርበት ፈረንጅ አገር የሂልቶፕ ሰፈር ምክር ቤት አባል የሆነችው አስባበት አይደለም። ስለ ቆሻሻ መኪና ልትነጫነጭ አንድ ሚቲንግ ላይ ተገኝታ፣ "የሚወዳደር አለ?" ሲባል ሁሉም ጫማውን ሲያይ እሷ ብቻ ቀና እንዳለች ቀረች። በቃ፣ ተመረጠች። ቀን ቀን አዛውንት ትንከባከባለች። እሁድ በአማርኛ ፕሮቴስታንት ቸርች ትዘምራለች፤ ድምጿ ጥሩ ነው የሚሉት ግን ዘመዶቿ ብቻ ናቸው።

ዘንድሮ ሰመሩን፣ የፈረንጆቹን በጋ፣ ሙሉ ዝናብ ጠፍቶ፣ ከኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ሣሩ እንደ ገለባ ደርቋል። ከሣሩ ወዲያ የእንጨት ቤቶች ናቸው። የእሳት አደጋ ሹሙ ሊዮን ለመስቀል ደመራ ፐርሚት ከመስጠቱ በፊት የምክር ቤቱን አስተያየት ጠየቀ፤ ምክር ቤቱም "ያገርሽ ሰዎች ናቸው" ብሎ ጉዳዩን ለብርነሽ ሰጣት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ፦ "ጴንጤዋ ደመራችንን ልታስከለክል ነው።"

ደመራው ነደደ አልነደደ ለእሷ ግድ አልነበራትም። ደመራ አስከልካይ የሚል ስም ከወጣላት ግን ሂልቶፕ ውስጥ ደህና ዋልሽ የሚላት አበሻ አይኖርም። ዝም ብላ አሳልፋ እሳቱ የሰው ቤት ቢበላ ደግሞ ያ ይብሳል።

ሊዮን ቦታውን ሊያይ ሲመጣ የደመራው አስተባባሪ ጋሼ ጣሰው ክራቫት አስረው ጠበቁት። ብርነሽ ታስተረጉማለች። ስለ እንጨቱ ተጠየቁ፣ መለሱ። ስለ ውሃው ተጠየቁ፣ መለሱ።

"ሲነድ ወዴት ነው የሚወድቀው?" አለ ሊዮን።

ጋሼ ጣሰው ደስ አላቸው። "እሱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው በይው።"

"ጋሼ፣ ሌላ ነገር ልበለው?"

"በደመራ ልትዋሺ?"

እንዳለ ተረጎመችው። ሊዮን የደረቀውን ሣር አየ፣ ቤቶቹን አየ፣ ሳይፈርም እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ ጋሼ ጣሰው። "ዓመቱ የሚነበበው እኮ በአወዳደቁ ነው። በገመድ ጎትተን እንጣለው?"

"አይጎተትም። አጭር ይሁን።"

"ምኑ?"

"ደመራው። አስፋልቱ መሃል ይተከል፤ ቁመቱ እስከ ሣሩ ካለው ርቀት ግማሹን አይለፍ። ከዚያ እግዚአብሔር በፈለገው በኩል ይጣለው።"

ጋሼ ጣሰው አሰቡበት። "ለጴንጤ ብልህ ነሽ።"

"እርስዎም ለኦርቶዶክስ ቶሎ ይገባዎታል።"

ብርነሽ ነገሩን ለምክር ቤቱ አቀረበች፤ ከተማው ባዶውን መሬት እንዲያሳጭድ ምክር ቤቱ ወስኖ ጠየቀ፤ ማጨጃው መጣ። ሊዮንም አንድ የእሳት አደጋ መኪና አጠገቡ ይቁም ብሎ ፈረመ።

በደመራው ዕለት አመሻሽ ላይ ብርነሽ ከመኪናው አጠገብ ቆመች። ከምእመናኑ አንዳንዱ ያችን አጭር ደመራ ሲያይ እሷን ዞሮ ይገላምጣታል። ካህናቱ ዞሩ፣ ችቦው ተለኮሰ፣ ነደደ። መሃል ላይ ያለው ግንድ ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ ቀስ ብሎ ዘመመ፤ ወደ ሣሩ፣ ወደ ቤቶቹ። ግንዱ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፤ ከጫፉ እስከታጨደው ሣር ድረስ አንድ መኪና የሚያስቆም ቦታ ተርፏል።

እልልታው ሲበርድ ሊዮን ጠጋ አለ። "በዚህ በኩል መውደቁ ምን ማለት ነው?"

ብርነሽ ወደ ጋሼ ጣሰው ዞረች።

"ጎረቤት ሰላም ይከርማል ማለት ነው በይው" አሉ።

"እውነት እንደዚያ ነው ጋሼ?"

"ካሁን ወዲያ እንደዚያ ነው።"