ጋሼ ሽፈራው፣ ቀይዋ መኪናና የቀየት ዳገት

በማለዳ ስልካችሁ ሲጮህ ስሙን አይታችሁ፣ «ባላነሳው ይቀር ይሆን?» ብላችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ዛሬ ብያለሁ። የደወሉት እትዬ በላይነሽ ናቸው። እሳቸው በጠዋት ደውለውልኝ አያውቁም። በጠዋት የሚደውሉት ባለቤታቸው ጋሼ ሽፈራው ነበሩ፤ «አንቺ ኢንጂነር፣ ፀሐይ ወጥቷል እኮ! ዲግሪው የተሰጠሽ ለመተኛት ነው?» ሊሉኝ።

ጋሼ ሽፈራው ዐረፉ።

ጽፌውም አላመንኩትም። ትናንት ከሰዓት እኮ አብረን የመኪናዋን ፍሬን ስንፈትሽ ነበር።

ለማታውቋቸው፦ ደብረ ብርሃን እሳቸው ግቢ ውስጥ አሮጌ መኪና የምንጠግን ልጆች መሆናችንን ፎቶ ስለጥፍ አይታችኋል። ያቺ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚገለጥ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና የጋሼ ናት። በሃምሳዎቹ ወጣት መካኒክ ሳሉ አንድ ፈረንጅ ገጭቷት ጥሏት ሲሄድ አንስተው ሠሯት። ለመንዝ ድንጋይ እንድትሆን ደግሞ የጭነት መኪና ባሌስትራ ገጥመው ከመሬት ከፍ አደረጓት። «ስፖርተኛ ነበረች፣ ገበሬ አደረግኳት» ይሉ ነበር።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ እትዬ በላይነሽን ሊያገቡ ሲሄዱ ሚዜዎቹ በበቅሎ፣ ሙሽራው በዚህች መኪና። የሙሽራዋ አገር ቀየት መግቢያ ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ አንዴ አጓርታ ጸጥ። አራሾች መጡ፤ ጥማድ በሬ አምጥተው በጠፍር አስረው ጎተቷት። ሙሽራው መሪ ይዞ፣ በሬ ከፊት፣ ልጅና ውሻ ከኋላ፤ እንዲህ ሆነው የሙሽራዋ አባት ደጅ ደረሱ።

አባትየው መኪናዋን ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት። «የኔ ልጅ፣ መኪናህን የጎተታት በሬ ነው፤ በሬው ደግሞ የኔ ነው። ታዲያ ማን ማንን ሊወስድ መጣ?» አሉ። ልጃቸውን በበቅሎ ጭነው ላኳት።

«ሙሽራ አይስቅም ይባላል፤ እኔ ግን ከሻሹ ስር በሳቅ ሞቼ ነበር» ይላሉ እትዬ በላይነሽ።

ጋሼ በዚያው ቀን፣ በበቅሎዋ ጎን እየሄዱ ቃል ገቡላቸው፦ «አንድ ቀን ይህን ዳገት በሷ አስወጣሻለሁ። በሬ ሳልጠራ፣ አባትሽ ደጅ ድረስ።»

እትዬም አመኗቸው። የሸራው ጣራ ሲበሰብስ የመንዝ በግ ፀጉር ፈትለው፣ ሸማኔ ባና አድርጎት፣ ጣራ ሆነ። «ዳገቱን ስንወጣ እንዳይበርደን ብዬ» ነው ያሉኝ። ከዚያ ግን ዘመኑ ተለዋወጠ፣ ዕቃ ጠፋ፣ ልጆች መጡ። መኪናዋ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። እትዬ ቀየት በአውቶብስ ስንቴ ወጥተዋል። በሷ ግን አንዴም።

እኛ ስንጀምራት በጣራው ተጣላን። ዓለም ከተማ ያደገው ጓደኛችን ቢኒ፣ «ጋሼ፣ ባናው ይነሳና ሸራ እናድርግላት፤ እንደ ፋብሪካው ትሁን» አለ።

«ፋብሪካው የመንዝን ብርድ የት ያውቀዋል?» አሉት። ባናው አልተነሳም።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩ ተነሳ። እኛ ስንጮህ፣ ስንጨፍር፣ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና «በላይነሽ! ነይ ስሚያት!» ብለው ተጣሩ። እትዬ ግማሽ የተላጠ ሽንኩርት እንደያዙ ወጡ።

«ትንፋሿ ካንተ ይሻላል» አሏቸው።

ጋሼ የከረመ፣ የማይለቅ ሳል ነበራቸው። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ስቀው፣ ሳሉና፣ እንደገና ሳቁ።

እኔ አልቻልኩም። «ነገ እንውጣ! ነገ በጠዋት!» አልኩ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ዳገቱ የትም አይሄድም። ጭቃው ይድረቅ፣ መስቀል ይለፍ።»

ይህች ንግግራቸው ለሁሉም ነገር ነበረች። ብሎን ሳጠብቅ፣ ሥራ አመልክቼ መልስ ሲጠፋ፣ ጓደኞቼ ተቀጠሩ ብዬ ስበሳጭ፤ ቀስ በይ፣ ዳገቱ የትም አይሄድም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ በላይነሽ በስልክ አለቀሱ፣ አለቀሱ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ሰማዩ ጠቁሯል። ነይና ባናዋን አልብሻት፤ ውስጧ ዝናብ እንዳይገባ» አሉኝ።

ሄጄ አለበስኳት። ድንኳኑን ከጎኗ ተከሉት። ቀብሩ ነገ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ከለቀስተኛው መሀል እትዬ እጄን ሳቡኝና «አርባውን የማወጣው እኔና እሱ የተጋባንበት፣ ቀየት ነው። በምን እንደምሄድ ታውቂያለሽ። የምትነጂው አንቺ ነሽ» አሉ።

እሺ አልኩ።

ጋሼ፣ ዳገቱ የትም አልሄደም። የሄዱት እርስዎ ነዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ሳይሉ ሄዱብን። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ የእርስዎ ላይ እኔ እቀመጣለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። በመጀመሪያ ማርሽ፣ ሳልቸኩል፣ እንዳስተማሩኝ አወጣታለሁ። እትዬ እንዳይበርዳቸው ጣራው አለ። እግዜር ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍዎት፤ ደህና ይሁኑ፣ የኔ ጌታ።

እናንተ ደግሞ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ መኪና ያላችሁ፣ ሞተር ሳይክልም ቢሆን፣ ለአርባቸው ከኋላችን ተከተሉን። ከራቤልም ከዓለም ከተማም የምትመጡ፣ ከታች «አለሁ» ብላችሁ ጻፉልኝ። የቀየት ሰዎች፣ ዳገቱ ላይ ወጥታችሁ ጠብቁን።

በሬዎቻችሁን ግን እቤት ተዉአቸው።