አርጃኖ ሆኜ የሠራሁባቸው ዓመታት

ኦክላንድ ውስጥ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ዕቃ ጫኝ የሆንኩ መስሎኝ ጓንት ይዤ ነበር የሄድኩት። ማናጀሯ ሊንዳ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ "በሆድህ እየተሳብክ መሄድ ትችላለህ?" አለችኝ። እችላለሁ አልኩ። ጭራው ከእኔ የሚረዝም የአርጃኖ ልብስ አስታቀፈችኝ።

ድርጅቱ ወደ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ጎብኚ ይልካል። እዚያ ኮሞዶ የሚባል፣ አጋዘን የሚጥል ግዙፍ አርጃኖ አለ። ደንበኞቻችን በብዛት ከሳንታ ክላራና ከሬድውድ ሲቲ ቢሮዎች የሚመጡ ናቸው። ከመሄዳቸው በፊት አውሬው ሲመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉ መጋዘኑ ውስጥ ይለማመዳሉ። አውሬው እኔ ነኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጾም የማይገድፉ ሰው። ከእኔ በፊት አርጃኖው እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው ጠባቂ ሆኑ። ጠባቂ ባላ እንጨት ይይዛል፤ አውሬው ከተጠጋ አንገቱን በባላው ይገፋል።

"ምላስህን ቶሎ ቶሎ አውጣ፣ የሚያሸተው በሱ ነው" ይሉኛል። "ደግሞ ቀኝ የፊት እግርህና ግራ የኋላ እግርህ አብረው ይሂዱ። እንደ ሰካራም አትንፏቀቅ።"

ሰው ሲጎድል ቅጠልና አፈር ቆልላ እንቁላሏን የምትቀብረውን የደሴቱን ወፍም እሆናለሁ። ችግሩ፣ አርጃኖ ያንን እንቁላል ቆፍሮ ይበላል። "የራሴን እንቁላል ልብላ ነው?" ብዬ ሊንዳን ጠየቅኳት።

"በመሃል ልብስ ትቀይራለህ" አለችኝ።

አንድ ቀን ኬቨን የሚባል ኢንጂነር መጣ። ደንቡ ቀላል ነው፦ አትሩጥ፤ ፊትህን ወደ አውሬው አድርገህ ቀስ እያልክ ወደ ጠባቂው አፈግፍግ። በጣውላ ከተሠራው ጫካ ብቅ ስል ኬቨን ጮኾ በዕቃ መጫኛው በር ወደ አስፋልቱ በረረ።

ውጭ መኪና እንደ ጉድ ይከንፋል። ሰውየው ሊሞትብን ነው ብዬ ተከተልኩት። "ኬቨን፣ ቁም! መኪና!" ብዬ ስጮህ ዞር ብሎ አየኝና ባሰበት። ከኋላዬ ጋሽ ታደሰ ባላቸውን ይዘው፣ "አንተ ሰውዬ፣ አይሮጥም ተብሏል እኮ!" እያሉ በአማርኛ ይጮሃሉ። ማንጎ የምትሸጥ ሴት አማተበች።

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከማዶ ሲመጣ ኬቨን መንገዱ መሃል ደርሷል። "ተኛ!" አሉኝ ጋሽ ታደሰ። አስፋልቱ ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ። ሾፌሩ መንገድ ላይ የተጋደመ አርጃኖ ሲያይ ፍሬን ረግጦ ቆመ። ኬቨንም መተኛቴን አይቶ ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ልክ እንደተማረው፣ እኔን አልፈው ከኋላው እስከቆሙት ጋሽ ታደሰ ድረስ አፈገፈገ።

ሊንዳ እያለከለከች ደረሰች። ኬቨንን "አልፈሃል" አለችው። ወደ እኔ ዞራ ግን ተቆጣች፦ "አርጃኖ አይናገርም!"

በሚቀጥለው ጉዞ ጋሽ ታደሰንና እኔን ከደንበኞቹ ጋር ላከችን። ደሴቱ ላይ ከምድር ከፍ ብሎ በተሠራው የጠባቂዎቹ ማድ ቤት ሥር ሦስት አርጃኖዎች እንደ ባዶ ጆንያ ተዘርግተዋል። አንዱም አይነቃነቅም። ደንበኞቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲጠብቁ አንዲት ሴትዮ ተሰላቸች። "ታመዋል እንዴ? የኦክላንዱ ይሻል ነበር" አለች። ሌሎቹ እኔን አዩኝ። ልብሱን ባለማምጣቴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በመጨረሻ አንዱ ተነሣ። ምላሱን እያወጣ ወደ እኛ መጣ። ማንም አልሮጠም። እንስሳው የሌለን ያህል በአጠገባችን አልፎ ሌላ ጥላ ሥር ተጋደመ።

ጋሽ ታደሰ ክንዴን ጨበጡ። "እግሩን አየህልኝ? በአረማመዱ ልክ ነበርን። መተኛቱን ነው ያላስተማርናቸው።"

ስንመለስ ለሊንዳ ነገርናት። አሁን ልምምዱ ሲጀመር አርጃኖው ይተኛል፣ ደንበኞቹም ቆመው ይጠብቃሉ። ተናደው የሚሄዱ አሉ። የሚቀሩት ደሴቱ ላይ አያስቸግሩም።

ዛሬ አዳዲሶቹን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህን ነው፦ እንስሳው የሰው ተቀጣሪ አይደለም። ከተኛ አትቀስቅሱት፤ ደንበኛው ይጠብቅ።