ሁለተኛው ልመና

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ለልጄ ለሙሉቀን ሚስት ልለምን ነው። በጋዜጣ ዓምድ ጀምሬ፣ በሬዲዮ ቀጥዬ፣ በሁለት መጻሕፍት አጠንክሬ «ወግ ይጠበቅ» ስል ኖሬያለሁ። ወዳጆቼ ወግ አጥባቂው ይሉኛል፤ ጠላቶቼም እንደዚያው። ሙሉቀን ግን «እኔና ትርንጎ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን» ብሎ ድርቅ አለ። ስንከራከር ከርመን ተስማማን፦ አንድ ጊዜ ብቻ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ ባዶ እጄን ከተመለስኩ ማዘጋጃ ቤት።

መንገድ

ዱርቤቴ ላይ የገበያው ከብት መንገዱን ስለሞላው ሾፌሩ ጥሩምባውን ተጭኖ ቀረ። ከእንጅባራ በኋላ ግን ኑጉ አብቦ፣ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ተቀበለኝ። ደስ አለኝ፤ ፍርሃቴንም ለጥቂት ረሳሁት።

ቡሬ

የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ መናኸሪያ ጠበቁኝ። የትርንጎን አባት አቶ ይርሳውን በገበያ ስለሚያውቋቸው ከእኔና ከቡሬው ቄስ ከመምሬ አዳሙ ጋር ሽማግሌ ሊሆኑ እሺ ብለዋል። ሐጂ ቤት አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ወጣን። ከአስፋልቱ ወርደን የቀረውን በበቆሎ ማሳ መካከል በእግር ሄድን።

አቶ ይርሳው ቤት ገብተን እንደ ደንቡ ቆምን።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ፤ ልመናውንም አቀረቡ።

አቶ ይርሳው ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የሬዲዮኑ ሰው አይደሉ?»

«ነኝ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«መጽሐፍዎን ልጄ አምጥታልኝ አንብቤዋለሁ። ‹በመጀመሪያው ልመና እሺ የሚል አባት ልጁን አቅልሏል› ይላል። እንዴት ያለ ቃል ነው! ታዲያ እኔ ልጄን ላቅልላት? ለዛሬው በሰላም ይግቡ።»

ከጻፍኩት ሁሉ አብልጬ የምወደው ዐረፍተ ነገር ነበር። ሙሉቀን በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ሲገባ ታየኝ። ከአጥሩ ስንወጣ ሐጂ ሰይድ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«እንቢ አላሉም እኮ! መጀመሪያውን ልመና ነው የመለሱት። መጽሐፍዎ ሁለተኛው መቼ ይሁን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያ ምን ያስኬደናል?»

ደጁ ላይ ያለውን ዋርካ ዞረን ተመለስንና እንደገና ቆምን። አቶ ይርሳው ገና ከመደባቸው አልተነሡም። አዩን፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«በሉ ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ! ሦስተኛውን መጽሐፍ ሲጽፉ ግን ለሩቅ አገር ሽማግሌ ይራሩ።»

ከጓዳ እልልታው ሲቀልጥ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። አሬራ በቅል ቀረበልን፣ እስኪበቃን ጠጣን።

ፍኖተ ሰላም

ትርንጎ እዚያ ነርስ ናት። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄጄ ነገርኳት። «አባቴ መጽሐፉን ጠቀሰብዎት?» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ገጹን ያሳየችው እሷ ኖራለች።

ቤት

ወግ እኔ እንደጻፍኩት ደረቅ አይደለም። የሚኖሩበት ሰዎች ሳይሰብሩት እየሳቁ ያጎብጡታል። ይህን ለሙሉቀን ልነግረው እያሰብኩ ደጄን ከፈትኩ።

«ተሰጠን» አልኩት።

ዝቅ ብሎ ሁለቱንም ጉልበቶቼን ሳመ። ከልጅነቱ ጀምሮ ብለምነው ያላደረገውን!

«ይህን ከማን ተማርከው?»

«ከትርንጎ» አለኝ። «መጽሐፍህን አንብባ።»