ጄዳላ ፈርዳ

ባሌ፣ ዲንሾ ላይ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ልመና ነው ብል አልዋሸሁም። ገበሬው በገዛ ይዞታው ዳር ያለውን ሣር እንዳያርሰው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮ እንዳይጋባም ውሻውን እንዲያስከትብ እለምናለሁ። ሣሩ ውስጥ ፍልፈል አለ፤ ፍልፈሉን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ሣሩ ከታረሰ ሁለቱም የሉም። ሰዉ በትሕትና ያዳምጠኛል፣ ሻይ ይጋብዘኛል፣ ከዚያ ያርሰዋል።

እሺ ብለው የጸኑልኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ሮቤ ሱቅ ከፍቷል፤ የቀረቻቸው አንዲት ባዝራ ናት። ማሳውን ስንዞር እሳቸው ባዝራዋ ላይ፣ እኔ ከኋላ በእግሬ። ቀይ ቀበሮን በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ ልትወልድ ስትል የእንግዴ ልጁን ሊበላ ብቻውን ይከተላታል። ከባዝራዋ ኋላ ስከተል የሚያዩኝ የሚኒባስ ረዳቶች እኔንም በዚሁ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ፊታቸው ሳቅሁ እንጂ ኪራይ ቤቴ ስገባ አንገበገበኝ። የጎባ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን እዚያም የሚጠብቀኝ የለም። ዲንሾ ላይ ደግሞ ከሽማግሌው በቀር «አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልክ?» የሚለኝ ሰው አላፈራሁም።

በዚህ ክረምት ልጃቸው መጣ። አባቱን ሮቤ ሊወስዳቸው፣ መሬቱን በትራክተር ለሚያርስ ሊያከራይ ነበር ሐሳቡ። እሳቸው እምቢ አሉ። ልጅየው መንገድ ላይ አስቆመኝና «አባቴን ለቀበሮ ብለህ ብቻቸውን አስቀረሃቸው» አለኝ።

እውነቱን ነዋ! በዚያ ብርድ ሳላቸው ጠንቶባቸዋል፣ ውሃ እንኳ የሚያቀብላቸው የለም። በነጋታው ሄጄ ሣሩ ይቅር፣ ሮቤ ይሂዱ አልኳቸው። እዚያ ስላለው ሐኪም፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ለፈለፍኩ። አፌ ይሂዱ ይላል፣ ሆዴ አይሂዱብኝ ይላል።

የባዝራዋን ጋማ እያበጠሩ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«መሬቱ ከታረሰ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«እኮ። ፈረሱ ከሄደ ጄዳላ ፈርዳ ማንን ይከተላል?»

ያ ስም እሳቸው ጆሮ መድረሱን አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እሳቸው ግን አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። እያሳሉ ኮርቻው ላይ ወጡ። ደግሜ ሮቤ ይሂዱ አላልኳቸውም፤ ከኋላ ተከተልኳቸው።