የአጸደ ስልክ

ሁንዴ ከአየር ጤና ታክሲ ተራ ጀርባ በምትገኝ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ስልክ መጠገን ከጀመረ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ በፊት የእጅ ሰዓት ይጠግን ነበር። «ሰው የዘጋውን ሰው ይከፍተዋል» ይላል፤ ደንበኛም የሚመጣው ይህን አምኖ ነው።

ሚስቱ አጸደ ከሁለት ዓመት በፊት ቤቴል ያለ ክሊኒክ ተኝታ ሳለ፣ እንደማትድን ሲገባት ስልኳን አቀበለችው።

«ለልጃችን ለዮርዲ ምርቃቴን ቀድቼበታለሁ። የሠርጓ ቀን ይከፈት። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማው፣ አንተም ብትሆን።»

ሁንዴ ቃሉን ጠበቀ። ደንበኛውን ሁሉ «ያላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ!» እያለ የሚቆጣው ሰውዬ ይህን ብቻ ሳይገለብጥ ተወው። ከነካሁት ጣቴ ሳላስበው ይከፍተዋል ብሎ ፈራ።

ስልኩ ከውጭ ሲመጣ አማርኛ የማያውቅ ነበር። ያኔ ሁንዴ ለአጸደ ብሎ ሌላ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለውን የፋብሪካ መቆለፊያ ከፈተና ሌላ ጫነበት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በበራ ቁጥር፣ ከሁሉ በፊት እንደማይታመን የሚናገር ብርቱካናማ ጽሑፍ ያወጣል። ከጎኑ የስልክ ሽፋን የምትሸጠው ራኬብ ይህን ባየች ቁጥር አትምረውም።

«ጋሽ ሁንዴ፣ የራስዎ ሥራ እንኳ አላምንዎትም አለ እኮ!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ሽፋንሽን ሽጪ!»

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ግን ያ ጽሑፍ ያስጨንቀው ጀመር። ድንኳኑ ሞልቶ፣ አማቾቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ስልኩ ከትልቁ ስክሪን ጋር ተያይዞ ታየው። እናት ከመናገሯ በፊት «አትመኑኝ» የሚል ነገር ሊወጣ ነው? ተሳቀቀ። ጽሑፉ የሚጠፋው መቆለፊያው ሲዘጋ ነው። ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ዘጋው። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ስልኩ ጠፍቶ በራ። የኩባንያው ምልክት ታየ። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ስልኩም ጠፋ። እንደገና አበራው። እንደገና ጠፋ።

ያን ጊዜ ገባው።

ስልክ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ፋብሪካው ቺፑ ላይ የቀረጸው፣ ማንም ሊፍቀው የማይችል ትንሽ ትእዛዝ ነው። እሱ የተከታዩን ፕሮግራም ማኅተም ያያል፤ ተከታዩም የቀጣዩን፤ ልክ የቀበሌ ወረቀት ከመስኮት ወደ መስኮት እንደሚተላለፈው። መቆለፊያው ክፍት ከሆነ አስጠንቅቀው ያሳልፋሉ። ከተዘጋ ግን የፋብሪካው ማኅተም የሌለበትን አያሳልፉም። ሁንዴ የጫነው ሶፍትዌር ደግሞ ያ ማኅተም የለውም። ይህን ራሱ ለስንቱ ጠጋኝ ነግሯል! ሠርጉን ብቻ እያሰበ እጁ ቀደመው።

ሦስት ቀን ታገለው። በአራተኛው ቀን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ወዳለው የሙያ ጓደኛው ባጫ ዘንድ ሄደ። ባጫ ስልኩን አገላብጦ አየና ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«መቆለፊያውን መክፈት ይቻላል። ግን ሲከፈት ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። አንተም ታውቀዋለህ።»

«ሚሞሪውን ነቅለን ሌላ ስልክ ላይ ብናደርገውስ?»

«ሚሞሪው ላይ ያለው የተመሰጠረው በዚሁ ስልክ ዋና ቺፕ ቁልፍ ነው። ሌላው ምን ብሎ ያነበዋል? ቆይ፣ ምን ነበረበት?»

«አጸደ ናት ያለችው።»

ባጫ መነጽሩን አወለቀ። «ሌባ እንዳይከፍተው ብለው እኮ ነው እንዲህ የሠሩት፣ ወንድሜ።»

«እኔን ከሌባ በምን ይለየኛል ታዲያ?»

ባጫ ስልኩን አንስቶ መለሰለት።

ቤት ሲደርስ ዮርዲ የእንግዶች ዝርዝር ይዛ ጠበቀችው። የድምፅ ማጉያ ባለሙያውን አነጋግራ መጥታለች፤ የእናቷ ምርቃት ከኬኩ በፊት እንዲሰማ ተስማምተዋል። ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየችው።

«አባዬ፣ ቻርጅ አለው?»

«ሞልቷል።»

ተቀብላው አበራችው። ምልክቱ ታየ፣ ቀዩ ጽሑፍ መጣ፣ ጠፋ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ዘጋሁት፣ ልጄ። እንዲያምር ብዬ።»

ዮርዲ ስልኩን አየች፤ አባቷን አየች። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እሱን ያቃተው ስልክ አይታ አታውቅም።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ሰው የዘጋውን ሰው ይከፍተዋል ትል የለ እንዴ!»

ሁንዴ ስልኩን ከእጇ ወስዶ መልሶ አበራው።